ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘው ሾፌር

ጠጥቶ መንዳትን በቅጣት ብቻ መግታት ያቃታቸው አገሮች ዳኛንና ሐኪምን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ይህ አሠራር ለሮቢትና ለቆቦ መንገድ ምን ይፈይዳል?

ከወልድያ ተነሥቶ፣ ጎብዬን አልፎ ወደ ቆቦ የሚዘልቀው አስፋልት ሮቢት ሲገባ የመኪና ብቻ መሆኑ ያበቃል። የማሽላ አገዳ የጫነ ጋሪ፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ፣ ግመል የሚስብ ነጋዴ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች፣ ሁሉም የሚገናኙት እዚሁ ላይ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። የደጋውን ጠመዝማዛ ሲታገል የዋለ ሾፌር የራያን ቆላ ሲያገኝ እግሩ ነዳጁ ላይ ይጠነክራል።

ፀሐይ ወደ ላስታ ተራሮች ስታዘቀዝቅ ሙቀቱ ጋብ ይላል፤ ጠላ ቤቱም መሙላት ይጀምራል። የቆላ ጠላ ነው፤ ማሽላ የገባበት፣ ጥም የሚቆርጥ። ደጁ ላይ ባጃጆች ይቆማሉ። አንዳንዱ የጠጣውን ሰው ወደ ቤቱ ሊመልስ የቆመ ነው። ሌላው ግን ነጂው ራሱ ውስጥ ተቀምጦ ጣሳውን ይዟል። «አንድ ሁለት ብቻ ነው የቀመስኩት» ብሎ ይነሣል፤ ቁልፉን ከኪሱ ያወጣል።

እንዲህ ያለ ሰው በየትንሹ ከተማ አለ፤ ክፉ ሰው ላይሆንም ይችላል። ምጥ የያዛትን ሴት በእኩለ ሌሊት ሳያስከፍል ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር የሚያመላልስ፣ የሰፈር ሰው የሚወደው ነው። ትራፊክ ፖሊሱም በስም ያውቀዋል። መጀመሪያ መክሮ ለቀቀው፤ ቀጥሎ ቀጣው፣ መንጃ ፈቃዱንም ያዘበት። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ይዞታል። ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ?

«አሜሪካ ጠጥቶ የነዳን ሰው ፍርድ ቤት ወደ ሕክምና ይልከዋል» የሚለውን ወሬ ብዙዎቻችን ከዘመድ ሰምተናል። እውነት ነው። እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደተፈጠረ ግን ወሬው አይነግረንም።

ከአደጋው በፊትና ከአደጋው በኋላ

አገራችን ሕግ አላጣችም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 አንድ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ ሊኖረው የሚችለውን የአልኮል መጠን ወስኗል፤ በዚያ ደንብ ገደቡ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነበር። ያለፈ ይቀጣል፣ ጥፋቱም ይመዘገብበታል፤ ጥፋት ሲደራረብ ፈቃድ ይታገዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ትራፊክ ፖሊሶች በትንፋሽ መመርመሪያ ማታ ማታ ሲፈትሹ ማየት ከጀመርን ቆይተናል። ትንንሽ ከተሞች ላይ ግን ፖሊሱ ብዙውን ጊዜ የሚተማመነው በዓይኑና በአፍንጫው ነው።

አፍንጫ ደግሞ ይሳሳታል፤ ጠጪው ራሱም ይሳሳታል። ጠላ ከቤት ቤት ኃይሉ ይለያያል፤ አረቄ 40 በመቶና ከዚያም በላይ አልኮል ሊይዝ ይችላል። በፋብሪካ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጣሳና በመለኪያ ላይ የለም። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ነው፤ በአማካይ በሰዓት፣ ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ። ስለዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በደሙ ያለው የአልኮል መጠን 1.6 ግራም የደረሰ ሰው፣ ተኝቶ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሲደርስ ገና ከዚህ ገደብ በላይ ነው። ፊቱን ታጥቧል፣ ቡና ጠጥቷል፣ የነቃ ይመስለዋል። ቡና ግን አልኮልን ከደም አያወጣም።

ሌላም ነገር አለ፤ ጨብሲ። የረጅም መንገድ ሾፌር ቀኑን በጫት ነቅቶ ይውልና ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ለመተኛት የጠጣው ጠዋት ያደክመዋል፤ ድካሙን ለማባረር እንደገና ይቅማል። ሾፌሮች ይህን እንደ ሥራው ጠባይ ነው የሚያወሩት። ከዓመታት በኋላ ግን መጠጡ የድካም ማውጫ መሆኑ ቀርቶ ያለሱ እጅ የማይጸናበት ነገር ይሆናል።

በሌላው ጫፍ ከባዱ ሕግ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ይደነግጋል። ገዳዩ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አስገብቶ ከሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ትክክል ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ችግሩ ይህ ሕግ የሚነቃው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

«ደንቡ ገንዘቡንና ፈቃዱን ይወስዳል፤ የወንጀል ሕጉ ነፃነቱን ይወስዳል። መጠጡን የሚወስድለት የለም።»

በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ፈቃዱን መቀማት መፍትሔ የሚመስለን ሰዎች የባጃጅን ኑሮ ቀረብ ብለን ማየት አለብን። ብዙው ባጃጅ የነጂው አይደለም። ነጂው በየቀኑ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ የተረፈውን ነው። ፈቃዱ ሲታገድ ባለንብረቱ ሌላ ነጂ ይፈልጋል። የታገደው ሰው ወይ ያለ ፈቃድ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይነዳል፣ ወይ ሥራ ፈትቶ ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል። ለመጠጥ ምክንያት ጨመርንለት እንጂ መጠጡን አልቀነስንለትም።

ላስ ክሩሰስ ላይ የተጀመረው

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ማያሚ ከተማ ዳኞች አንድ ነገር ሰለቻቸው። በአደንዛዥ ዕፅ የሚከሰሱት ሰዎች ይታሰራሉ፣ ይፈታሉ፣ ያው ሰው እንደገና ይቀርባል። እስር ቤቱ ሞላ፤ ሱሱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ተከሳሹን ወደ ሕክምና የሚልክና ዳኛው ራሱ የሚከታተልበት ችሎት አቋቋሙ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ ላስ ክሩሰስ በሚገኝበት ዶኛ አና ካውንቲ፣ ያው አሠራር ጠጥተው ለሚነዱ ሰዎች ተሠራ። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ችሎቶች በአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ አሉ።

አሠራሩ በጥቂቱ ይህን ይመስላል። ወደ ችሎቱ የሚገባው በሠርግ ማግስት አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ቅጣትና አንድ ድንጋጤ ይበቃዋል። ችሎቱ የሚፈልገው ተደጋግሞ የተያዘውን፣ ተመርምሮም የአልኮል ጥገኝነት የተገኘበትን ነው። ሰውየው ጥፋቱን ያምናል፤ ቅጣቱ ይወሰንበታል ወይም ይንጠለጠላል፤ ከዚያ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ክትትል ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየሳምንቱ፣ ዳኛው ፊት ይቀርባል። ችሎቱ ከመሰየሙ በፊት ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የክትትል ሠራተኛውና የሕክምና ባለሙያው ተቀምጠው በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይነጋገራሉ። ምርመራው ምን አሳየ? ምክር ላይ ተገኝቷል? ሥራ እየሠራ ነው? ከዚያ ሰውየው ይጠራል። ዳኛው በስሙ እየጠራ ስለ ልጆቹና ስለ ሥራው ይጠይቀዋል። ደህና ከያዘ በአደባባይ ይመሰገናል፤ በአንዳንዱ ችሎት ይጨበጨብለታል። ከጠጣ፣ ወይም ምርመራ ከሸሸ፣ ያኔውኑ ይቀጣል፦ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ጥብቅ ክትትል፣ ወይም የጥቂት ቀናት እስር። እየበረታ ሲሄድ ቀጠሮው ይራራቃል። መኪና እንዲነዳ ሲፈቀድለትም ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ የትንፋሽ መቆለፊያ ይገጠማል፤ አልኮል ያለበት ትንፋሽ ከተነፈሰበት መኪናው አይነሣም።

ሐሳቡ ለምን ይሠራል? ጥገኛ የሆነ ሰው ስድስት ወር ቆይቶ ከሚመጣ ትልቅ ቅጣት ይልቅ ነገ ጠዋት የሚመጣ ትንሽ ቅጣት ያስፈራዋል። ሳውዝ ዳኮታ የተባለችው የአሜሪካ ግዛት ይህን ለብቻው ወስዳ ፈተነችው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረችው 24/7 የተባለ ፕሮግራም በስካር ተደጋግሞ የተያዘ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቀርቦ ትንፋሹን እንዲሰጥ ያደርጋል። ንጹሕ ከሆነ ወደ ሥራው ይሄዳል። አልኮል ከተገኘበት እዚያው ይታሰራል፤ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ፕሮግራሙ በተሠራባቸው ካውንቲዎች ጠጥቶ በመንዳት እንደገና መያዝ በ12 በመቶ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት መያዝ በ9 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ሁለተኛው ቁጥር ሊያስደንቀን አይገባም። መንገድ ላይ አደጋ የሚያደርስ ስካር ቤት ገብቶ አርፎ አይተኛም።

«አስፈሪው ቅጣት የረዘመው አይደለም፤ የማይቀረውና ወዲያው የሚመጣው ነው።»

ሁሉም ችሎት እኩል ውጤት አላመጣም። ምርመራውን ያላሉት፣ ሕክምናውን የይስሙላ ያደረጉት ከተራው ፍርድ ቤት ብዙም አልተሻሉም። «ሕክምና በግዳጅ አይሆንም» ብለው የሚከራከሩ ሐኪሞች አሉ። ጠበቆችም ሰውየው ለሐኪሙ የሚናገረው ምስጢር ዐቃቤ ሕግ ጆሮ መድረሱ ያሰጋቸዋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ምን ለችሎት እንደሚነገር፣ ምን ከሐኪሙ ጋር እንደሚቀር አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት አለበት።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲና የኪራይ መኪና እየነዱ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ዓለም ከውስጥ ያውቁታል። አንድ የስካር ክስ መንጃ ፈቃዱን፣ በዚያውም እንጀራውን ሊያሳጣ ይችላል። አማርኛ አስተርጓሚ በሚመደብባቸው በእነዚያ ፍርድ ቤቶች ቆመው የተመለሱ ሰዎች ሲያወሩ ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብዳቸው ነውሩ ነው። ነውሩ ሰውየው ሐበሻ በሌለበት እንዲጠጣ ያደርገዋል፤ እንዲታከም ግን አያደርገውም።

ሮቢት ላይ ምን አለን?

«እኛ አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። በከፊል ልክ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ይህን ቆላ ደጋግሞ ረግጦታል፤ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ሰው ሞቶበታል፣ ቤት ፈርሶበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ግጭትም መንገዱንና ፍርድ ቤቱን እንደ ልብ አላሠራም። ነገር ግን ይኸው ምክንያት ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል። ሐዘኑን በመጠጥ የሚያስታግስ ሰው በዝቷል፤ ያም ሰው አንዳንዴ መሪ ይይዛል። ጠላ ቀምሶ የማያውቀው ሙስሊም ገበሬም በሬውን እየነዳ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ዳር ነው።

ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የወንጀል ሕጋችን ዳኛው ቅጣትን በገደብ ሲያቆም ለጥፋተኛው የጠባይ ደንብ እንዲያወጣለት ይፈቅዳል፤ ከአልኮል መጠጥ መታቀብም በዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። ወደ መጠጥ ቤት እንዳይሄድ መከልከልና ፈቃድ ማገድም በሕጉ አሉ። ይህ ማለት አንድ የወረዳ ዳኛ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቅ «ቅጣትህ በገደብ ቆሟል፤ አትጠጣም፤ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፤ በየሁለት ሳምንቱ እኔ ፊት ትቀርባለህ» ሊል ይችላል ማለት ነው። የጎደለው ክትትሉ ነው። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ «እውን ትቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

ለተለየ ጉዳይ የተለየ ችሎት ማቋቋምም ለእኛ አዲስ አይደለም። ልጆች የተጠቁበትን ወይም ያጠፉበትን ጉዳይ የሚያይ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ከዳኛው ጋር የሚሠራበት የሕፃናት ችሎት በአገራችን አለ። ልጅን እንደ አዋቂ መዳኘት ስህተት መሆኑን ተቀብለን ያቋቋምነው ነው። ጥገኛን እንደ ጤነኛ መዳኘትም ስህተት መሆኑን መቀበል ለምን ይከብደናል?

ሕክምናውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ለሮቢት ሰው ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ የባጃጅ ነጂ ወር ሙሉ እዚያ ሊቀመጥ አይችልም። ደግነቱ የሕክምናው መጀመሪያ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚጥል ሕመም ሊመጣበት፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህንን የሚያስታግሰው ዲያዜፓም ነው፤ የቫይታሚን ቢ1 መርፌም አንጎሉን ከጉዳት ይጠብቃል። ሁለቱም የቆዩ፣ ውድ ያልሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በሐኪም ክትትል ሊሰጣቸው ይችላል። ከዚያ የሚቀጥለው ረጅሙ ሥራ ምክር፣ ክትትልና የቤተሰብ እገዛ ነው።

እዚህ ላይ የፖሊስ ጣቢያዎችን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ጠጪ ሲታሰር መጠጡ ድንገት ይቋረጣል። በሁለተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲለፈልፍ «ጋኔን ነው» ወይም «እያስመሰለ ነው» ይባላል። ያኔ ያ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ጸበል የሚወስዱት ዘመዶች ሊከለከሉ አይገባም፤ ብዙ ሰው ተስፋ ያገኘው እዚያ ነው። መንቀጥቀጡ ሲጀምረው ግን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሲረጋጋ ጸበል ቢሆን ነፍሱ ይተርፋል።

ሽማግሌ የሚጠራው መቼ ነው?

ራያ ከብዙ አካባቢ የሚበልጥበት ሀብት አለው። ዘወልድ የሚባለው የራያ ቆቦ የዕርቅ ሥርዓት፣ በወሎ ሌሎች ወረዳዎችም አበጋሮች የሚመሩት ሽምግልና፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቆ ደም ያደርቃል። ሽማግሌ የተናገረውን፣ ሰው በፊታቸው ቆሞ የማለውን መሐላ ማፍረስ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። ሾፌር ሰው ገጭቶ ሲገድልም የሟችን ቤት ደጅ የሚጠኑት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው።

ታዲያ ለምን ሬሳ ከወደቀ በኋላ ብቻ ይጠራሉ? ለሁለተኛ ጊዜ ተይዞ የተቀጣውን ነጂ፣ ገና ማንንም ሳይጎዳ፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ቤተሰቡና ሁለት ሽማግሌዎች ዋስ ቢሆኑበት፣ ጠዋት ጠዋት ባጃጁን ከማስነሣቱ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ትንፋሹን ቢሰጥ፣ ሳውዝ ዳኮታ የገነባችው ነገር እዚህ በሰው ኃይል ይገነባል። የሚገዛው አንድ የትንፋሽ መመርመሪያ ነው።

«ሽማግሌ ደም ያደርቃል። ደሙ ሳይፈስ ቢጠራስ?»

ጠላ ጠማቂዎቹን ጠላት ማድረግ አያስፈልግም። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በጋን የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ማን በሁለት ጣሳ እንደሚነሣ፣ ማን ጎህ ሲቀድ መጥቶ በር እንደሚያንኳኳ ከሐኪም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ለነጂ ከዚህ በኋላ አልቀዳም» ለማለት ድፍረት የሚሰጣቸው አካል ግን ያስፈልጋቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ብዙ የባጃጅ ነጂ ደግሞ ጎረምሳ ነው።

ልጃቸውን በሰከረ ሾፌር ያጡ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ «የእኛ ልጅ አፈር ገብቷል፣ እሱ ይጨበጨብለት?» ይላሉ። ቁጣቸው የሚገባቸው ነው። ስለዚህ ድንበሩ ግልጽ ይሁን፦ ሰው የገደለ ወደዚህ ችሎት አይገባም፤ የእሱ ቦታ አንቀጽ 543 ነው። ሕክምናው ምሕረት ተብሎ ሊታይም አይገባም። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ መስጠት፣ በየሁለት ሳምንቱ ዳኛ ፊት መቆም፣ በጠጡ ቀን መታሰር መቀጮ ከፍሎ ከመሄድ እጅግ ይከብዳል። ወላጆቹ የሚፈልጉት ሌላ ወላጅ እንዳያለቅስ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ልጅ የሚያድነው ይህ ከባድ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሰሜን ወሎ ዞን ፍርድ ቤቶች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ትራፊክ ፖሊስና ጤና መምሪያ ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት መጠበቅ የለባቸውም። በራያ ቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ፣ በወር ሁለት ግማሽ ቀን፣ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ቢጀምር ይበቃል። ከዓመት በኋላ ከነዚያ ሰዎች ስንቱ ዳግም እንደተያዘ ቆጥሮ ማስፋትም መተውም ይቻላል።

ለአንባቢው ደግሞ ይህን ልበል። ቤትዎ ውስጥ በየቀኑ የሚጠጣና የሚነዳ ሰው ካለ ፍርድ ቤቱን አይጠብቁ። ቁልፉን ይያዙበት፤ ቆቦ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን «ከዛሬ ጀምሮ አትቅመስ» ብለው ቤት አይዝጉበት፤ ያለ ሐኪም ድንገት ማቋረጥ ሊገድለው ይችላል።